የውሃ አባት ልጅና የሴትዮዋ ተራ

እሸቱ ሐዋዝ የታገደ ውሃ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ስዊድን አገር፣ በሚኖርበት ዮርድብሩ ላይ የመኸሩ ቅጠል የመንገዱን ውሃ መውረጃ ሲደፍነው፣ ለሥራ የሚጣደፈው ሰው ሁሉ ኩሬውን ዘሎ ወደ ባቡሩ ይሮጣል፤ እሱ ግን ይቆማል። በጫማው ጫፍ ቅጠሉን ገፋ ገፋ አድርጎ፣ ውሃው ጉርጉር ብሎ ሲወርድ አይቶ ነው የሚሄደው። ሚስቱ ሙሉመቤት፣ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ለዚህ የሚከፍለው ሰው አለው፣ አንተን ማን ወከለህ እያለች ስትነዘንዘው ኖራለች። እሱ እቴ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ የኖረ፣ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ትልቅ ሰው፣ ውሃ ሲያይ ልጅ ይሆናል።

ምክንያት አለው። አባቱ አቶ ሐዋዝ ቀወት ውስጥ፣ ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ፣ የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ማለት ሹመት ነው፤ ደመወዝ ግን የለውም። ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ ለማን፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ የሚቆርጡ፣ ሰዓት ሳይኖራቸው በገዛ ጥላቸው ርዝመት የሚለኩ፣ የሰው ተራ የወሰደውን የሚዳኙ እሳቸው ነበሩ። በዚያ አገር በድንበር ከሚጣላው ሰው በውሃ የሚጣላው ይበልጣል፤ ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ባለተራው ዶማውን ይዞ ቦዩ አፍ ላይ ይቆማል። ተከፍቶ ሰው ያልቆመበት ቦይ የሌባ ሥራ ነው፣ ያየው ሁሉ ይዘጋዋል። እሸቱ ይህን ሕግ ያወቀው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው።

በሃያ ሦስት ዓመቱ በሱዳን በኩል ተሰድዶ፣ ዞሮ ዞሮ ስዊድን ሲገባ ያን ሁሉ እውቀት ይዞት መጣ። የጠየቀው ግን የለም። እዚህ ውሃ ከግድግዳ ነው የሚወጣው። ተራ የሚባል ነገር ያለው የሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ትቬትስቱጋው ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን የተመዘገበበትን ሰዓት ሰው የወሰደበት ስዊድናዊ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። እሸቱ ያን ሲያይ፣ እነዚህም የእኛው ሰዎች ናቸው እያለ በሆዱ ይስቃል።

ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ፌበን። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። እሱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ እንዲህ ሆነው ሠላሳ አራት ዓመት ተግባብተው ኖረዋል። ቤቷ ሱንድቢበሪ ሲሆን ሄርሜላ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት። ቅዳሜ የእሸቱና የሄርሜላ ቀን ነበር። ጠዋት ከዮርድብሩ ባቡር ይሳፈራል፣ ሳይወርድ ሳይቀይር ሱንድቢበሪ ይደርሳል፣ ልጅቷን ይዞ ይወጣል። ሐይቅ ዳር ይሁን፣ ጫካ ይሁን፣ ቤተ መጻሕፍት ይሁን ግድ የላቸውም። ሳምንቱን ሙሉ ፎርክሊፍቱ ላይ ተቀምጦ የሚያስበው ቅዳሜን ነበር።

ከዚያ ያለፈው መስከረም መጣ። እንጉዳይ እንለቅማለን ብሎ ቲየርስታ ጫካ ይዟት ገባ። ስልኩ ባትሪ ጨረሰ፣ መንገዱ ጠፋ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ዞሩ። ፖሊስ ተጠርቶ ውሻ ሊለቀቅ ሲል፣ አያትና የልጅ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ባልተጠበቀ በኩል ብቅ አሉ። ሄርሜላስ አልፈራችም፤ እንዲያውም ጨዋታ መስሏት ነበር። ፌበን አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው በዝግታ፣ ከእንግዲህ ሄርሜላ ካንተ ጋር ብቻዋን አትወጣም አለችው። በቃ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲሄድ ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ ሻይ ይቀርብለታል፣ የልጅ ልጁን እንደ እንግዳ አይቷት ይመለሳል። ይህ ነገር አንገበገበው። አሥር ወር ሙሉ አንገበገበው።

ስለ ደሴቲቱ ያወቀው መጋዘኑ ምሳ ክፍል ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑ የፖርቱጋልን ደሴት ማዴይራን፣ ያንን ከውቅያኖስ መሃል የተገተረ ተራራ ያሳያል። ሰዎች በገደሉ ወገብ ላይ በተቀደደ የመስኖ ቦይ ዳር ይሄዳሉ፤ ልጅ ያዘለ አለ፣ ሽማግሌ አለ። የእሸቱ ሹካ አፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። የአገሩ ሰዎች ቦዩን ሌቫዳ ይሉታል። ውሃውን ከዝናባማው ወገን ጠልፈው፣ ተራራውን አዙረው፣ በደረቁ ወገን ላሉት እርከኖች ያደርሱታል። ከቦዩ ጎን ያለችው ቀጭን መንገድ ድሮ የጠባቂው ብቻ ነበረች፤ ዛሬ የእግረኛ ሁሉ ሆናለች።

ሌላው ያልገባው ነገር ለእሱ ወዲያው ነው የገባው። ያን በሚያህል ተራራ ላይ ልጅና ሽማግሌ ሳያለከልኩ እንዴት ይሄዳሉ? መንገዱን የመረጠው ውሃ ነዋ። ቁልቁለቱ ከበዛ ውሃው አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፣ ካነሰ ይተኛል፤ ስለዚህ ቦይ ቀዳጅ የሚያወርደው በጣት በጣት ነው። በቦይ ዳር የሄደ ሰው ተራራ ላይ ሆኖ ሜዳ ይሄዳል። ሌላም ነገር ገባው፣ እሱን ግን ለማንም አልተናገረም። ፌበን እሱ በሚያውቀው መንገድ ላይ፣ እየመራ ብታየው፣ ቅዳሜ ትመለስ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሌቫዳ ሲያወራ ቤቱ ሰለቸው። ጉልበቷን የምታማርረው ሙሉመቤት፣ አንተ ገደል ለገደል ልትጎትተኝ ነው ብላ ስትከራከር ከርማ በመጨረሻ እጅ ሰጠች። ሞገስም ልምጣ አለ። ሞገስ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛው ነው፤ ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመት የሆነው፣ አረጋውያንን በታክሲ የሚያመላልስ፣ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ፌበን ብዙ አሰበች። ከዚያ ስለ ደሴቲቱ መንገዶች ለሁለት ቀን አንብባ፣ ሁላችንም አብረን የምንሄድ ከሆነ እሺ አለች። «ሁላችንም አብረን» የምትለው ቃል ለማን እንደሆነች እሸቱን አልጠፋውም። ዋጥ አደረጋት።

በሐምሌ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት እሸቱ ያላደረገው ዝግጅት የለም። ለቤተሰብ ከሚመከሩት መንገዶች ሁሉ የገደል አጥሩ ደህና የሆነውን፣ የሚያልፍበት ዋሻ አጭር የሆነውን መረጠ። ካርታውን በወረቀት አሳተመ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የግንባር መብራት ገዛ፣ ሁለት ስልክና ሁለት ባትሪ ያዘ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ፌበን በምታይበት ቦታ ነበር። በመነሻው ጠዋት አሰላለፉን ነገራቸው። ሙሉመቤት ከፊት፣ ምክንያቱም የሁሉም እርምጃ በጉልበቷ ልክ ይሆናል። ሄርሜላ በቦዩ በኩል እንጂ በገደሉ በኩል አትሄድም። ሞገስ ከኋላ፣ ምክንያቱም ሞገስን ለመጣል የሚችል ገደል የለም። ሞገስ ራሱ ሳቀ።

መንገዱም አላሳፈረውም። በአንድ በኩል ጥርት ያለ ውሃ ከጎናቸው ይወርዳል፣ በሌላው በኩል ሸለቆው፣ ከሸለቆው ማዶ ባሕሩ። ሙሉመቤት አንድም ጊዜ ጉልበቴን አላለችም። እሸቱ ለሄርሜላ እያሳየ ይሄዳል፤ ውሃው ወደኛ እየመጣ ስለሆነ እየወጣን ነው፣ ግን አታውቂውም፣ እግርሽ አይነግርሽም። ልጅቷ ቅጠል እየጣለች ትሞክራለች። ፌበን መጀመሪያ የልጇን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄዱ ሄርሜላ ከእናቷ እጅ ተስባ ወደ አያቷ ሄደች፤ ፌበንም ለቀቀቻት። እሸቱ ያንን ሲያይ ልቡ ሞላ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ቆመ። ውሃው ቀንሷል። ሌላ ሰው አያየውም፤ እሱ በቦዩ ግድግዳ ላይ ያለውን እርጥብ መስመር አየ። መስመሩ ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል፣ ገና አልደረቀም። ስለዚህ ውሃው አሁን ነው የተቀነሰው። ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደሄዱ ነገሩን አገኘው። በቦዩ ጎን ያለች ትንሽ የብረት መዝጊያ ተነቅላ መሬት ላይ ተጋድማለች፣ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ በቁጥቋጦው ውስጥ ወደ ታች ይሮጣል። ዙሪያውን ቃኘ። ሰው የለም። ዶማ የያዘም የለም።

ደሙ ፈላ። ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ፤ የአቶ ሐዋዝ ልጅ ሆነ። ይህ ስርቆት ነው አላቸው፣ ታች ያለው ገበሬ አሁን ማሳው ላይ ቆሞ ለምን ውሃ ቀረብኝ እያለ ነው። መዝጊያዋን አንስቶ ቦታዋ ላይ ሰካት። በዳርና በዳሩ ውሃ ስታፈስ ሄርሜላን ጠርቶ የሣር ጓል እንዴት እንደሚነቀል፣ ሥሩ ወደ ውስጥ ሆኖ እንዴት እንደሚጠቀጠቅ አሳያት። ልጅቷ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና በደስታ ጠቀጠቀች። ፌበን የሰው አገር ነገር መንካት ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀች። ይሄን እንኳ ለእኔ ተዪልኝ አላት።

«እሸቱ፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል» አለ ሞገስ ከኋላ።

ማን ሰምቶት። ውሃው በዋናው ቦይ ሞልቶ ሲወርድ እሸቱ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ሹመት እንደተሰጠው ሰው ደረቱን ነፍቶ ወደፊት ሄደ። እስከ ውሃው ራስ፣ ፏፏቴው ድረስ ደረሱ። ሙሉመቤት የያዘችውን ዳቦ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል በሉ። ፌበን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ነከረች፤ አያትና የልጅ ልጅ ድንጋይ ለድንጋይ ሲዘሉ አየቻቸው፣ ተጠንቀቁም አላለችም። እሸቱ ቅዳሜን በእጁ እንደገባች ቆጠራት።

ሲመለሱ አምስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ከዚያችው መዝጊያ አጠገብ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ኮፍያ ያጠለቀ፣ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ሰው ነው። ሁለተኛዋ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ዶማ የያዘች፣ ፊቷ በንዴት የቀላ አሮጊት ናት። ከቁጥቋጦው ባሻገር አሁን በደንብ ይታያል፤ ሦስት ደረጃ እርከን፣ ስኳር ድንችና ሙዝ፣ ትልሙ ሁሉ የደረቀ። ሰውየው በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር ሆቴል ውስጥ የሠራ ኖሮ እንግሊዝኛ ይችላል። ነገሩን ነገራቸው። እሱ የቦዩ ጠባቂ ነው። አራት ሰዓት ላይ ለሴትዮዋ ከፍቶላት ወደ ሌላው መዝጊያ ሄደ። እስከ አምስት ተኩል ተራዋ ነበር። እሷ ታች፣ የመጨረሻው እርከን ላይ ሆና ውሃውን ስትጠብቅ ውሃው ቀረ፤ ያን ዳገት በዚያ ዕድሜዋ ወጥታ እስክታይ ሰዓቷ አለቀ። የሚቀጥለው ተራዋ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። እዚህ አገር ጠባቂው በሰዓት ይከፍታል፣ በሰዓት ይዘጋል፤ መዝጊያው ላይ ማንም አይቆምም። ጠባቂው፣ ቅድም እየጮኹ ያለፉ ወጣቶች ነበሩ፣ እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ አይታችኋቸዋል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሞገስ ሰማይ ሰማዩን አየ። ሙሉመቤት የባሏን እጅጌ ጎተተች። ሄርሜላ ሁለት እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ፌበን አባቷን ብቻ ነው ያየችው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

አንዲት ቃል ባይናገር ማንም አያውቅበትም። ወጣቶቹ ሄደዋል፣ እሱና ቤተሰቡም አላፊ አግዳሚ ናቸው፤ ሰላም ብሎ ማለፍ ብቻ ነው። ከተናገረ ግን በዚያው በልጁ ፊት፣ አሥር ወር የለፋባት ቅዳሜ አለቀላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አለ በልቡ፤ ማን መዝጊያ ዝጋ አለኝ? አባቱ ፊት ቆመው እኔ አይደለሁም እያሉ የሚምሉትን ሰዎች አስታወሰ። ውሃ የወሰደ ሰው ይታረቃል፤ የካደ ግን ከዚያ በኋላ ቦይ ጠረጋ እንኳ የሚጠራው አልነበረም። አሮጊቷን አያት። ዶማዋን ተደግፋ የደረቀውን ትልሟን ታያለች።

«ፌቢ፣ ንገሪልኝ» አለ። «የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ፌበን ወደ አባቷ ጠጋ አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ ስትጫወት ነው የዘጋችው ልበላቸው፣ ልጅን ማንም አይቆጣም አለችው።

«አይሆንም። ልጅቷ ያደረገችው እኔ ያልኳትን ነው። እንዳለ ንገሪልኝ፣ ሳታሳምሪ።»

ፌበን ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ የአባቷ አስተርጓሚ ነበረች። በየመሥሪያ ቤቱ ሲቆጣ ቁጣውን አለስልሳ፣ ሲለማመጥ ልምምጡን አስወግዳ፣ ደህና ሰው አስመስላ ስታቀርበው ነው ያደገችው። እንዲህ ያለ ነገር ግን አስተርጉማ አታውቅም። ቀና ብላ፣ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

አሮጊቷ በፖርቱጋልኛ የወረደችበት ነገር መተርጎም አላስፈለገውም። እሸቱ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ እስክትጨርስ ሰማት። ጠባቂው ግን ዝቅ ብሎ የተጠቀጠቀውን የሣር ጓል ያይ ነበር። ጠብታ እንኳ አያሳልፍም። ይህን የት ተማርክ አለው። እሸቱ መለሰ፤ አባቴ እንደ አንተ የውሃ አባት ነበሩ፣ በእኛ አገር ሰው ያልቆመበት ክፍት ቦይ የሌባ ነው። ጠባቂው ሳቀ፣ ለአሮጊቷም ተረጎመላት። እሷ አልሳቀችም፤ ግን ሌባ ሊያባርር እንደነበር ስትሰማ ትከሻዋ ረገብ አለ። ታዲያ በእናንተ ሕግ የሰው ተራ ያቃጠለ ምን ይሆናል ብላ አስጠየቀችው። ተራ ያለው የራሱን ተራ ይሰጣል አለ እሸቱ፣ ተራ የሌለው ጉልበቱን ይሰጣል። እጁንም ወደ ዶማዋ ዘረጋ።

ጠባቂው ስልኩን አውጥቶ የሚቀጥለውን ባለተራ ለመነው። ሰውየው ከራሱ ሰዓት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ግማሽ ሰዓት ሊለቅላት ተስማማ። ግን ትልሞቿ አረም ይዟቸዋል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውሃው ታችኛው እርከን እንዲደርስ መጠረግ አለባቸው። እሸቱ ጃኬቱን አውልቆ ገባበት። አርባ ዓመት ያህል ዶማ ያልነካ እጅ መጀመሪያ ተንተባተበ፣ ከዚያ አስታወሰ። ሞገስ አካፋ ተሰጠው፤ እግዜር ይይልህ እሸቱ እያለ፣ በአዲሱ የመራመጃ ሱሪው ጭቃ ለጭቃ ሆነ። ሙሉመቤት ጥላ ሥር ከአሮጊቷ ጋር ተቀምጣ፣ አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ ሳይሰሙ ስለ ጉልበት ሕመም በምልክት ተወያዩ። ሄርሜላ አረሙን ታግዛለች። የተሳፈሩበት አውቶቡስ መመለሻ ሰዓቱ አለፈ። ፌበን ሰዓቷን አየችና እጅጌዋን ሰብስባ ሁለተኛው እርከን ላይ ወረደች።

በአሥራ አንድ ሰዓት አሮጊቷ እሸቱን በእጇ ጠርታ፣ አንተ ክፈተው አለችው በምልክት። ከፈተው። ውሃው የመጀመሪያውን እርከን ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ያዘ፣ በተጠረገው ትልም ያለ ችግር ወረደ። ጠባቂው ሰዓቱን ይዞ ከጎኑ ቆሞ፣ ለዚህ ሥራ ወጣት ጠፍቷል፣ አንተ ያንን የምትኖርበትን የብርድ አገር ትተህ እዚህ ብትመጣ እቀጥርህ ነበር አለው። እሸቱ ይህን በሕይወቱ ካገኘው ሽልማት ሁሉ በላይ አድርጎ ነው የሚያወራው። ዛሬም ዮርድብሩ ላይ ቢያገኛችሁ ይነግራችኋል።

ውሃው ሲወርድ ፌበን መጥታ እርከኑ ጠርዝ ላይ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። እሸቱ ቅዳሜን የሚቀብር ቃል ጠበቀ። እሷ ግን በዚያ በስዊድንኛዋ፣ ስለ ጫካው ቀን ማውራት ጀመረች።

«የተናደድኩት ስለጠፋችሁ አይደለም» አለችው። «ሰው ይጠፋል፣ እኔም እጠፋለሁ። አንተ ግን ለፖሊሱ የጫካው መንገድ ምልክት ነው መጥፎ አልክ። ለእኔም እንደዚያው፣ ለእማዬም እንደዚያው። መንገዱ ነው የጠፋው ለሚል ሰው ልጄን እንዴት ልስጥ? አሥር ወር ሙሉ ስጠብቅህ ነበር።»

እሸቱ ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ። ሦስተኛው እርከን ላይ ደርሶ ስኳር ድንቹ መሃል እየገባ ነበር።

«ምልክቱ ደህና ነበር» አለ። «መንገዱን የሳትኩት እኔ ነኝ። ፈርቼም ነበር፤ ልጅቷ እንዳታውቅብኝ ነው ስዘፍንላት የነበረው።»

ፌበን ጭቃማ እጇን በጭቃማው እጁ ላይ አደረገች። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ና አለችው፣ ሄርሜላ ለብሳ ትጠብቅሃለች። እሸቱ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።